ሳቢ፣ ተሳቢና ያዥ፦ በጥርስ ማስተካከያ ሕክምና ስለ ጊዜያዊ ካስማ የአማርኛ ስያሜ

1. መግቢያ

ጥርስን በሽቦ የማስተካከል ሕክምና በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን እየተለመደ በመጣ መጠን፣ ሐኪሙ የሚናገርበትና ተርጓሚው የሚጽፍበት አማርኛ ያስፈልጋል። እስካሁን ያለው አነጋገር ቅይጥ ነው። ታካሚው «ብሬስ አሳሰርኩ» ይላል፤ ሐኪሙ የመሣሪያዎቹን ስም እንደ ተማረው በእንግሊዝኛ ይጠራል፤ ተርጓሚው ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጦ ያገኘውን የመጀመሪያ ፍች ይጽፋል። ለዘወትር ጭውውት ይህ ብዙ አይጎዳም። ታካሚው ከሁለት የሕክምና መንገዶች አንዱን መርጦ በፊርማው እንዲስማማ በተጠየቀ ጊዜ ግን የስያሜው ጉድለት የፈቃዱ ጉድለት ይሆናል። ምን እንደሚደረግለት ያልተረዳ ሰው ፈረመ እንጂ ተስማማ አይባልም።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው አንድ መሣሪያና በዙሪያው ያሉ ጥቂት ቃላት ናቸው። መሣሪያው ጥርስ በሚስተካከልበት ጊዜ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ለተወሰኑ ወራት የሚገባ ትንሽ የብረት ብሎን ነው። ብዙውን ጊዜ ከአፍ ላስቲክ ጋር እየተነጻጸረ ይቀርባል። የውጭ አገር የሕክምና መጻሕፍት የሚጠሩበት ስም ከመርከብ መልሕቅ የተወሰደ ነው። እኛስ ያንኑ ምሳሌ እንከተል ወይስ ሌላ እንፈልግ?

ጥያቄውን ከአንድ የተወሰነ ቦታ ሆኖ መመልከት ይጠቅማል። ማሻ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የሥራ ቋንቋው አማርኛ በሆነው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ይገኛል። አንድ የማሻ ሰው ልጁን ለዚህ ሕክምና ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢወስድ፣ ማብራሪያውን የሚሰማውና ወረቀቱን የሚቀበለው በአማርኛ ነው። አገሩ ተመልሶ ለቤተ ሰቡ የሚያስረዳው ግን በራሱ ቋንቋ፣ በሸኪኖኖ ይሆናል። («ኖኖ» በዚህ ቋንቋም ሆነ በዘመዱ በካፊኖኖ አፍ ማለትም ቋንቋ ማለትም ነው፤ አማርኛም «ያገር አፍ» ሲል ሁለቱን በአንድ ቃል ይገልጻል።) ስለዚህ የአማርኛው ስያሜ የጉዞው መጨረሻ አይደለም፤ መካከለኛ ጣቢያ ነው። አድማጩ በዓይኑ ሊያየው የሚችለው ቃል ወደ ሌላው ቋንቋ በቀላሉ ይሻገራል። በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቀው ቃል ግን እዚያው ጣቢያው ላይ ይቀራል።

2. የሕክምናው አሠራር

ስያሜ ከመስጠት በፊት የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባል። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር ደርቆ የቆመ አይደለም። ቀላል ኃይል ለረጅም ጊዜ ሲያርፍበት፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ ለቅቆ በሄደበት በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርሱም በዚህ አኳኋን ቀስ በቀስ ቦታውን ይለውጣል። የማስተካከያ ሕክምና በሙሉ የቆመው በዚህ የአጥንት ጠባይ ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሦስተኛ ሕግ ነው፤ ለማንኛውም ድርጊት እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለው። በዝናብ በራሰ መሬት ላይ የቆሙ ሁለት የአጥር እንጨቶችን በገመድ አስሮ አንዱን ወደ ሌላው ለማቅረብ የሚስብ ሰው ሁለቱም ሲዘምሙ ያያል። በአፍ ውስጥም እንዲሁ ነው። የክራንቻው ጥርስ ወደ ኋላ እንዲሄድ ከመንጋጋ ጥርስ ጋር ቢታሰር፣ የመንጋጋው ጥርስም በምላሹ ወደ ፊት ይመጣል። ለክራንቻው ሲባል አንድ ጥርስ ተነቅሎ የተገኘው ክፍት ቦታ ከኋላ በመጣው ጥርስ ይበላል።

ይህን ለመቋቋም ከቆዩት ዘዴዎች አንዱ በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ መካከል የሚወጠር የአፍ ላስቲክ ነው። ካልቪን ኬዝና ሄንሪ ቤከር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስለመዱት ዘዴ ነው። የላይ ጥርሶች ወደ ፊት ለወጡበት ሰው፣ ትንሿ የላስቲክ ቀለበት ከላይኛው ክራንቻ እስከ ታችኛው መንጋጋ ጥርስ ትዘረጋለች። ዘዴው ርካሽና ቀላል ነው፤ ሆኖም ሦስት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ የታችኞቹ ጥርሶች ያለ ፍላጎታቸው ወደ ፊት ይሳባሉ። ሁለተኛ፣ ስበቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሰያፍ ስለሆነ ጥርሶችን ከድድ ወደ ውጭ የማውጣት ጠባይ አለው። ሦስተኛ፣ ሥራው በታካሚው ትጋት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ላስቲኩ በሰዓታት ውስጥ ከኃይሉ ከፊሉን ስለሚያጣ በየዕለቱ መለወጥና ቀንና ሌሊት ከአፍ አለመለየት አለበት።

ሁለተኛው መንገድ የስበቱን አንድ ጫፍ ከጥርስ ላይ አንሥቶ ከአጥንት ጋር ማሰር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጌንስፎርዝና ሂግሊ በ1945 እ.ኤ.አ. በውሾች መንጋጋ ላይ ሞክረውት ብሎኖቹ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ላልተው ወድቀዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. ክሪክሞርና ኤክሉንድ ከአንዲት ታካሚ የአፍንጫ ሥር አጥንት ላይ ብሎን አስገብተው የላይኛ የፊት ጥርሶቿን ወደ ላይ ማንሣታቸውን አስታወቁ። በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ካኖሚ ውፍረቱ 1.2 ሚ.ሜ. ብቻ የሆነ ብሎን ካቀረበ በኋላ ዘዴው በዓለም ተስፋፋ።

ዛሬ የሚሠራባቸው ብሎኖች በአብዛኛው ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠሩ፣ ውፍረታቸው ከ1.2 እስከ 2 ሚ.ሜ.፣ ርዝመታቸው ከ6 እስከ 12 ሚ.ሜ. የሚደርስ ናቸው። ቦታው በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ ሐኪሙ በጥርሶች ሥር መካከል ወይም በላንቃ ላይ ጠምዝዞ ያስገባቸዋል። በጠፋ ጥርስ ምትክ እንደሚገባው ሰው ሠራሽ ሥር ከአጥንት ጋር ተዋሕደው እንዲቀሩ አይጠበቅም። የሚይዛቸው ጥምዛቸው በአጥንቱ ላይ ያለው ጥብቀት ነው፤ ስለዚህም ሥራቸው ሲያበቃ በቀላሉ ይወጣሉ። ፍጹም አይደሉም። ከመቶ ከአሥር በላይ የሚሆኑት ከጊዜያቸው በፊት እንደሚላሉ በሰፊው የተሰበሰቡ ጥናቶች ያሳያሉ። በዙሪያቸው ያለው ድድ ሊያብጥ፣ ሲገቡም የአጎራባች ጥርስ ሥር ሊነኩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ለስያሜው ወሳኝ የሆነ ነጥብ አለ። ብሎኑ ራሱ አይስብም። ከብሎኑ እስከ ጥርሱ የሚወጠረው አሁንም የላስቲክ ሰንሰለት፣ ወይም በጋራዥ «ሞላ» የምንለው ዓይነት ጥምዝምዝ ሽቦ ነው። ስለዚህ «በላስቲክ ፈንታ ብሎን» የሚለው የተለመደ አገላለጽ ነገሩን ያዛባዋል። የተለወጠው የሚስበው ነገር አይደለም፤ ስበቱ የታሰረበት ቦታ ነው።

3. ሦስቱ ሚናዎች

ከዚህ የምንረዳው በማንኛውም የጥርስ ስበት ውስጥ ሦስት ሚናዎች እንዳሉ ነው። የሚስብ አለ፤ የሚሳብ አለ፤ ስበቱን ተቀብሎ የሚይዝ አለ። የአማርኛው ስያሜ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ካላስቀመጠ ታካሚው ሁለቱን የሕክምና መንገዶች ማነጻጸር አይችልም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስማቸውን ይዘው የመጡ ናቸው፤ «ሳቢ» እና «ተሳቢ»። የሰዋስው ሰው «ተሳቢ» ሲባል የዐረፍተ ነገሩን ተሳቢ፣ ሾፌር ደግሞ ከመኪናው ኋላ የሚጎተተውን ያስባል። ሁለቱም ፍች እዚህ ከምንፈልገው ጋር አይጋጭም፤ በሁሉም ዘንድ ተሳቢ ድርጊቱ የሚያርፍበት ነው።

ሦስተኛው ሚና ግን ስም ይፈልጋል። ከጸና የወጣ «መጽኛ» ለጊዜው ያማልላል፤ ይሁን እንጂ በአነጋገር ከ«መጽናኛ» ጋር በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለይ፣ በጥርስ ሕመም የተጨነቀ ሰው ማስታገሻ የተሰጠው ሊመስለው ይችላል። «መያዣ» የብድር ዋስትናን ያመጣል። ከ«ሳቢ» ጋር በቅርጽ የሚመሳሰለው፣ «ገንዘብ ያዥ» በሚለው አነጋገር ሁሉም የሚያውቀው «ያዥ» የተሻለ ነው። እንግዲህ በተለመደው ዘዴ የመንጋጋ ጥርስ ያዥ ነው፤ ግን የሚላላ ያዥ። ብሎኑም ያዥ ነው፤ ከጥርስ ይልቅ ጽኑ ያዥ። የያዡን ጥንካሬ «ጽናት»፣ ያዡ ሳይፈለግ ከቦታው መንቀሳቀሱን «የያዥ መላላት» ብንል ጽንሰ ሐሳቡ ይሟላል።

4. የመሣሪያው ስም

ለአዲስ ጽንሰ ሐሳብ ስም ሲፈለግ በመጀመሪያ በአማርኛ ውስጥ፣ ቀጥሎ በግእዝና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም በባዕድ ቋንቋ መፈለግ የተለመደ ነው። ለመሣሪያው አምስት እጩዎችን እንመርምር።

ሀ. መልሕቅ። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ጥሩ ቃል ነው። አንባቢው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ወይም ከዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 6 ያውቀዋል። ለማሻው ሰው ግን በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ከዚህ የበለጠው እንከን የትርጉም ነው። መልሕቅ የሚጣለው የታሰረበት ነገር፣ ማለትም መርከቡ፣ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ነው። እዚህ ግን የታሰረው ጥርስ እንዲንቀሳቀስ ነው የምንፈልገው። ምሳሌው የነገሩን ግማሽ ይይዛል፤ ግማሹን ይገለብጣል።

ለ. ድጋፍና ምርኩዝ። አማርኛ የሚያቆም ነገርን የሚሰይሙ ብዙ ቃላት አሉት፤ ድጋፍ፣ ምርኩዝ፣ ባላ፣ ምሰሶ። ሁሉም ግን ከታች ወይም ከጎን ሆነው ሸክምን የሚቀበሉ፣ መገፋትን የሚመክቱ ናቸው። መሳብን የሚመክት ነገር በእነዚህ አይጠራም። ገመድ በምርኩዝ ላይ አስሮ የሚስብ የለም።

ሐ. ተከላና ንቅለ ተከላ። በጠፋ ጥርስ ምትክ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስገባት በከተማ «ጥርስ ማስተከል» እየተባለ ይጠራል። «ተከላ» የሚል ማብራሪያ የደረሰው ታካሚ አዲስ ጥርስ የሚገባለት ቢመስለው አይፈረድበትም። «ንቅለ ተከላ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ቃሉ ከአንዱ ነቅሎ በሌላው መትከልን ያመለክታል፤ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረው የኩላሊት ሕክምና ወዲህም በሕዝቡ ጆሮ የገባው በዚሁ ፍች ነው። አንዲት ብሎን ለማስገባት ይህን ቃል የሚጠቀም ተርጓሚ ታካሚውን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ልብ መባል ያለበት ግን ጥፋቱ በ«ተከለ» ግስ ላይ አለመሆኑ ነው። ድንኳንም ይተከላል፤ ድንኳን ደግሞ በማግሥቱ ይነሣል።

መ. ችካል። ለማሻውም ለአዲስ አበባውም የሚታይ ነገር ነው። ነገር ግን ከብት የሚታሰርበት ችካል የሚሠራው እንደ መልሕቅ ነው፤ እንስሳው ርቆ እንዳይሄድ። በመሬት ቅየሳም ችካል ወሰን ነው። በሁለቱም የተወጠረ ነገር የለም።

ሠ. ካስማ። የድንኳን አውታር የሚታሰርበት ነው። በሠርግም በለቅሶም ድንኳን ሲጣል ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አውታሩ ሲሳብ የሚጠጋውና የሚወጠረው ሸራው ነው፤ ካስማው ከቦታው አይነቃነቅም። ሦስቱ ሚናዎች በዚህ ሥዕል ውስጥ አሉ፤ አውታሩ ሳቢ፣ ሸራው ተሳቢ፣ ካስማው ያዥ። ጊዜያዊነቱም በውስጡ አለ፤ ለዘለዓለም ካስማ የሚተክል የለም። ጉድለቱ እንኳ ይመሳሰላል፤ ዝናብ በሚበዛበት በደቡብ ምዕራቡ አገር መሬቱ ሲረጥብ ካስማ እንደሚላላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አጥንቱ በሳሳበት ቦታም ብሎኑ እንዲሁ ይላላል። ቀደም ሲል ለመረጥነው «ጽናት» ደግሞ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ምስክር ነው፤ በኢሳይያስ ምዕራፍ 54 ካስማ፣ አውታርና ጸና በአንድ ቦታ ይገኛሉ።

በዚህ ምርጫ ላይ አንድ ክብደት ያለው ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ካስማ ሲባል መሳፍንት ምዕራፍ 4ን ያስታውሳል፤ ኢያዔል በሲሣራ ጆሮ ግንድ ላይ በመዶሻ የቸነከረችው የድንኳን ካስማ ነበረና። በራስ አካባቢ ለሚሠራ ሕክምና ይህ ትዝታ አይመችም። ተቃውሞው እውነት ነው፤ መልሱ ግን ቃሉን መጣል አይደለም፤ የሚቀጠልለትን ግስ መምረጥ ነው። ካስማው «ይቸነከራል» ወይም «ይመታል» ሳይሆን «ይጠመዘዛል»፣ «ይገባል» ሊባል ይገባል። የማብራሪያው ወረቀትም መዶሻ እንደሌለበት በግልጽ ይናገር።

5. አጎራባች ቃላት

አንድ ስያሜ ብቻውን አይቆምም፤ ከጎኑ የሚሰለፉት ቃላት ሊያበላሹት ይችላሉ። በዚህ ርእስ አራቱ ጥንቃቄ ይሻሉ።

«መንጋጋ» አፍን የሚሸከመውን አጥንትም ማኘኪያውን የኋላ ጥርስም ይሰይማል። «የመንጋጋ ካስማ» ቢባል በጥርሱ ውስጥ የሚገባ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «የመንጋጋ አጥንት» እና «የመንጋጋ ጥርስ» ተብሎ ይለይ።

«ጥርስ» በብረት ሠራተኛ ቋንቋ የብሎን ጥምዝም ስም ነው፤ ብሎን ሲያረጅ «ጥርሱ ተበላ» ይባላል። በሌላ ጽሑፍ ውብ የሆነው ይህ አነጋገር እዚህ ግን ያወናብዳል፤ «ጥርሱ አጥንቱን ይይዛል» ሲባል የማን ጥርስ ነው? ስለሆነም ለብሎኑ «ጥምዝ» ይመረጥ።

«ላስቲክ» የሚለጠጠውን ቀለበትም ስስ የፕላስቲክ ሸራንም ይጠራል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ያለ ቡና አምራች ላስቲክ ሲባል በመጀመሪያ የሚያስበው ከዝናብ ለመከላከል በቡናው ላይ የሚዘረጋውን ነው። ቃሉን በአዲስ ፍጥረት መተካት ግን አያስፈልግም፤ ሕዝቡ ወስዶታልና። «ሳቢ ላስቲክ» ብሎ በቅጽል መወሰን ይበቃል።

አራተኛው «ነቀለ» ነው። የድንኳን ካስማ ይነቀላል፤ ይሁን እንጂ በጥርስ ሐኪም ክፍል ውስጥ «ይነቀላል» የተባለ ነገር ሁሉ ጥርስ ነው። ከጣልያንኛ ወርሰን ያለማመድነው «ብሎን» የራሱን ግሶች ይዞ መጥቷል፤ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ይፈታል። በእነዚሁ ብንጠቀም ታካሚው ሳይፈራ ይረዳል። የመሣሪያው ቅርጽ መገለጽ ሲኖርበትም «ብሎን ካስማ» ማለት ይቻላል።

6. ቃላቱ በሥራ ላይ

የስያሜ ዋጋ በዝርዝር ውስጥ አይለካም፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። መዝገበ ቃላትን ብቻ የተከተለ ተርጓሚ የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፦

«ጥርስዎን ለማስተካከል በላስቲክ ፈንታ ጊዜያዊ የመልሕቅ ንቅለ ተከላ በመንጋጋዎ ላይ ይከናወናል።»

ሰዋስዉ አልተጓደለም። አንባቢው ግን ምን እንደሚነቀል፣ ምን እንደሚተከል፣ ከመንጋጋው ጥርሱ ወይስ አጥንቱ እንደሚነካ፣ ላስቲክም ይቅር አይቅር አያውቅም። ሐሳቡ እንደሚከተለው ሊገለጽ ይችላል፦

«ወደ ኋላ መሳብ ያለበት የክራንቻ ጥርስዎ ነው። ስበቱ የመንጋጋ ጥርሶችዎን ወደ ፊት እንዳያመጣቸው ሳቢው ከትንሽ ብሎን ካስማ ጋር ይታሰራል። ካስማው ቦታው ከደነዘዘ በኋላ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ፣ በሁለት ጥርሶች ሥር መካከል ተጠምዝዞ ይገባል፤ በመዶሻ አይመታም። በካስማው ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አይደረግም። ሥራው ሲያበቃ ይፈታል። ከዚያ በፊት ቢላላ ወይም ድድዎ ቢያብጥ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ካስማ የማይፈልጉ ከሆነ በሳቢ ላስቲክ መታከም ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ላስቲክ በየቀኑ መለወጥ እንዳለበትና ካላደረጉት እንደማይሠራ ግን ይወቁ።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ተርጓሚዎች ከምንጩ ጋር እኩል የሆነ ርዝመት እንደ ታማኝነት ሲቆጥሩት ይታያል፤ ለታካሚ በሚጻፍ ወረቀት ላይ ግን ታማኝነቱ የሚታየው አንባቢው ወደ ገዛ ቋንቋው መልሶ ሊናገረው በመቻሉ ነው። «ድንኳኑን የሚይዘው እንጨት ዓይነት፣ ግን ከብረት የተሠራ፣ በጣም ትንሽ፣ በኋላ የሚወጣ» ብሎ በሸኪኖኖ ለማስረዳት የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «የመልሕቅ ንቅለ ተከላ»ን ግን ለማስረዳት መጀመሪያ ባሕርን፣ ቀጥሎ ኩላሊትን ማስረዳት ይጠይቃል።

ከማሻ ለሚነሣ ሰው ምርጫው የኑሮም ጉዳይ ነው። ሳቢ ላስቲክ በየዕለቱ የታካሚውን ትጋት ይጠይቃል፤ ካስማ ደግሞ ከላላ ረጅም መንገድ ተጉዞ ወደ ሐኪም መመለስን ያስከትላል። የትኛው እንደሚሻለው የሚያውቀው እርሱ ራሱ ነው፤ ለመወሰን ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሚገባው ቃል ሊነገረው ይገባል።

7. ማጠቃለያና የቀረቡ ስያሜዎች

በዚህ ጽሑፍ የቀረበው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ የስሙ ምሳሌ መመረጥ ያለበት ከውጭው ቃል ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን በነገሩ ውስጥ ያሉትን ሚናዎች በትክክል በማስቀመጡ ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ስያሜዎች ለባለሙያዎችና ለተርጓሚዎች ውይይት ቀርበዋል።

ሳቢ፦ በጥርስ ላይ የስበት ኃይል የሚያሳድር ላስቲክ፣ ሰንሰለት ወይም ሞላ።

ተሳቢ፦ በሕክምናው እንዲንቀሳቀስ የተፈለገ ጥርስ ወይም የጥርስ ረድፍ።

ያዥ፦ የስበቱን ምላሽ ተቀብሎ የሚይዝ ጥርስ ወይም መሣሪያ።

ጽናት፦ የያዡ ያለመንቀሳቀስ ችሎታ።

የያዥ መላላት፦ ያዡ ሳይፈለግ ከቦታው መንቀሳቀሱ።

ጊዜያዊ ካስማ፦ ለሕክምናው ጊዜ ብቻ በመንጋጋ አጥንት ወይም በላንቃ ላይ የሚገባ ያዥ።

ብሎን ካስማ፦ ጥምዝ ያለው ጊዜያዊ ካስማ።

ሳቢ ላስቲክ፦ በጥርሶች ወይም በጥርስና በካስማ መካከል የሚወጠር የላስቲክ ቀለበት።

ከእነዚህ ውስጥ በቅድሚያ መፈተን ያለበት «ካስማ» ነው። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ቃሉን ለታካሚው ከተናገሩ በኋላ፣ የተረዳውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲያስረዳ መጠየቅ ይበቃል።